ጋኑ ከየት ተቆፍሮ ወጣ?

ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ በግሪክና ሮማ ክፍል፣ ከ1972 እስከ 2008 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው አንድ የሸክላ ጋን ነበር። ቁመቱ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 45 ሊትር ያህል ይይዛል። ግሪኮች ክራተር ይሉታል፤ በግብዣ ላይ ወይን በውሃ የሚበረዝበት ዕቃ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ515 አካባቢ አቴንስ ውስጥ ኤውክሲቴዎስ ሠራው፣ ኤውፍሮኒዮስ ሣለበት፤ የሁለቱም ስም ተጽፎበታል። ሙዚየሙ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ተመልካቹ የሠሪውን ስም ሲያነብ የወጣበትን ጉድጓድ ግን አያውቅም ነበር።

በእኔ እምነት ሙዚየም ከዕቃው አጠገብ በሚለጥፈው ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ መስፈር ያለበት የተገኘበት ቦታ ነው። ሌላው ከዕቃው ላይ ይነበባልና።

ቀለሙን እንይ። ሠዓሊው የቀባው ያንኑ ብረት ያለበትን የሸክላ አፈር በውሃ በጥብጦ፣ ሻካራው እስኪዘቅጥ አቆይቶ ያገኘውን ደቃቅ ጭቃ ነው። ምስሎቹን ባዶ ትቶ ዙሪያቸውን በዚህ ይሞላል። ከዚያ ይተኮሳል። መጀመሪያ አየር እየገባ ሁሉም ይቀላል። ቀጥሎ የምድጃው ቀዳዳ ይደፈንና እርጥብ እንጨት ተጨምሮ ሁሉም ይጠቁራል። በመጨረሻ ቀዳዳው ሲከፈት ያልተቀባው ገላ ወደ ቅላቱ ይመለሳል፤ የተቀባው ግን በከፍተኛው ሙቀት እንደ መስታወት ስለገጠመ አየር አያስገባም፣ እንደጠቆረ ይቀራል። እሳቱ ካነሰ ቅቡ ሳይገጥም ይቀርና መልሶ ይቀላል፤ ከበዛ ገላውም ይዘጋና ይጠቁራል። ባለሙያ ይህን ከ2,500 ዓመት በኋላም በማይክሮስኮፕ አይቶ ይለያል። ከማን አስከሬን አጠገብ እንደነበረ ግን የትኛውም መሣሪያ አይነግረውም።

ለሙዚየሙ የተነገረው ጋኑ ከአንድ የሊባኖስ ሰብሳቢ ቤት መጣ የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ በ1971 መጨረሻ ሮም አቅራቢያ በምትገኘው ቼርቬቴሪ ዘራፊዎች ከኤትሩስካውያን (ከሮማውያን በፊት በመካከለኛው ኢጣሊያ ይኖሩ ከነበሩ ሕዝቦች) መቃብር አውጥተውታል። ፖሊስ በ1995 ጄኔቫ የሚገኘውን የጥንታዊ ቅርስ ነጋዴውን የጃኮሞ ሜዲቺን መጋዘን ሲፈትሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች አገኘ፤ አንዳንዶቹ ላይ ዕቃዎቹ ገና አፈር እንደለበሱ ይታያሉ። የኢጣሊያ መንግሥት ይዞ የተከራከረው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ነው። ሙዚየሙ በ2006 ተስማማ፣ ጋኑም በጥር 2008 ወደ ኢጣሊያ ተመለሰ።

«የግሪክ ሥራ» የሚለው ጽሑፍ የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ። በየሙዚየሙ ደህና ሆነው የምናያቸው የአቴንስ ሸክላዎች ብዙዎቹ የተገኙት ግሪክ ውስጥ ሳይሆን በኤትሩስካውያን መቃብር ነው። ኤትሩስካውያን ሙታናቸውን ለስላሳ ድንጋይ ፈልፍለው በሠሩት ክፍል ውስጥ ከነዕቃቸው ስለሚያስቀምጡ ሸክላው ተርፎ ቆይቷል። በዚህ ጋን ላይ እንቅልፍና ሞት፣ ሁለቱ ክንፋም ወንድማማቾች፣ በግሪኮች አፈ ታሪክ በትሮይ ጦርነት የወደቀውን የጦረኛውን የሳርፔዶንን ሬሳ ያነሳሉ፤ ከቁስሉ ደም ይወርዳል። ጋኑን የገዛው የቼርቬቴሪ ሰው ይህን ሥዕል የፈለገው ለግብዣ ነበር ወይስ ለቀብር? መልሱ የነበረው በአጥንቱና አብረው በተቀመጡት ዕቃዎች ላይ ነው። ዘራፊ ደግሞ ገንዘብ የሚያወጣውን ይዞ ሌላውን ይበትናል።

ተመልካችም የሚያደርገው አለ። የመዝገብ ቁጥሩን ያንብብ። የዚህ ጋን ቁጥር 1972.11.10 ነበር፤ የፊተኛው ቁጥር ዕቃው ሙዚየም የገባበት ዓመት ነው። በዚያው ሙዚየም ያለው የኤትሩስካን የነሐስ ሠረገላ ቁጥሩ 03.23.1 ነው፤ 1903 ማለት ነው። ከኢጣሊያ መውጣቱ ቢያከራክርም በ1902 ሞንቴሌዮኔ ዲ ስፖሌቶ ላይ ከመቃብር መውጣቱ ይታወቃል። ቁጥሩ ከ1970 ወዲህ ከሆነ፣ ማለትም የዩኔስኮ የቅርስ ዝውውር ስምምነት ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ ጽሑፉም ስለ ቦታው ዝም ካለ፣ ተመልካቹ ሙዚየሙን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሙዚየሙም ቦታውን፣ የተገኘበትን ዓመትና የሸጠለትን ሰው ይጻፍ፤ ካላወቀ «አይታወቅም» ይበል።

ከአክሱም በ1937 የተወሰደው ሐውልት በ2005 ከኢጣሊያ ሲመለስ፣ የነበረበት ቦታ ስለሚታወቅ በ2008 እዚያው ተተከለ። ጋኑም ዛሬ ቼርቬቴሪ ሙዚየም ውስጥ፣ ከወጣበት መቃብር ብዙም ሳይርቅ ተቀምጧል። አብረውት የነበሩት አጥንትና ዕቃዎች ግን አጠገቡ የሉም።