ጂቡቲ የምንሄደው ለዕቃ ብቻ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ጂቡቲ ደርሶ የመጣ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ለንግድ፣ ሌላው ለሥራ ይሄዳል። ባሕሩስ እንዴት ነው ብለህ ብትጠይቀው ግን “አቦ ተወኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ” ይልሃል። በሐምሌ ከሄደ እውነቱን ነው። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ እንኳን ጀልባ ላይ፣ ጥላ ሥር መቀመጡም ፈተና ነው። በእኛ በጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ የአርታ ዳርቻ፣ ዌል ሻርክ ይመጣበታል።

ሻርክ ሲባል የሚደነግጥ አይጠፋም። ይሄኛው ሰው አይነካም። በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም ምግቡ ፕላንክተን፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። ጠቆር ያለ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ሰፊ አፉን ከፍቶ፣ ከውኃው ገጽ ሥር ቀስ እያለ፣ እያጠለለ ይበላል። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። ዕድል ከቀናህ ዶልፊኖችም ከጀልባው ፊት ይዘላሉ። የባሕር ወፍ ለሚወድ ደግሞ ሙሻ ደሴት አለለት።

ታዲያ የድሬ አስጎብኚዎች ይህን ጉዞ ለምን አያስተዋውቁም? ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከተማችንን የቆረቆራት እሱ ነው። ዛሬም የኤሌክትሪክ ባቡር አለን። ዋጋው እንደሚያሳስብ አውቃለሁ። የጂቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ብራችን ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ለብቻ አይሞከርም። በቡድን ጀልባ ተጋርቶ ግን ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ገላቸው ላይ የጀልባ ሞተር የቆረጣቸው ጠባሳ አለ። ሐረር ላይ ጅቡ በራሱ ፈቃድ ይመጣል፣ ሥጋውን ከእንጨቱ ጫፍ ይነጥቃል፣ ሲበቃው ይሄዳል። ባሕር ላይ ግን አሳዳጆቹ እኛ ነን። አንድ ዓሣ ብቅ ሲል ጀልባው ሁሉ ይሽቀዳደማል፤ ቱሪስቱ ከላዩ ላይ ይዘላል። ጥፋቱ የካፒቴኑ ብቻ አይደለም። “ጠጋ በልልን” የሚለው ከፋዩ ነው።

ስለዚህ የድሬ አስጎብኚ ገና ከጅምሩ ከጀልባ ባለቤቶች ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። ዓሣው ሲቀርብ ሞተሩ ይጥፋ። ውኃ ውስጥ በአንዴ የሚገባው ሰው ጥቂት ይሁን። መንካት፣ መንገዱን መዝጋት፣ በፍላሽ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድ። ዓሣው ፊቱን ካዞረ ማሳደድ የለም፤ ገንዘብም አይመለስም። ደንበኛው ይህን ፓስፖርቱን ይዞ ከመነሳቱ በፊት ይስማ።

እንዲህ ያለ ውል የያዘ አስጎብኚ እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አካባቢ ካለ፣ ለኅዳር እኔን ይመዝግበኝ።