ሰርገኛ ሲመጣ በርበሬ ለምትቀነጥሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

በጥያቄ ልጀምር። የቀበሌያችሁ ምክር ቤት አባል ማን ነው? ሊቀመንበሩን አላልኩም። ማኅተም የሚመታውንም አላልኩም። እናንተን ወክሎ ምክር ቤት የሚቀመጠውን ሰው ነው የምለው። አታውቁትም። እኔም የኔን አላውቀውም። የአርሰናልን ተቀያሪዎች ግን ከነመለያ ቁጥራቸው እንጠራለን።

«ምርጫ ሳይኖር ማንን ልወቅ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። የመጨረሻው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ነው። በየ5 ዓመቱ መካሄድ ነበረበት። የ2010ሩ ተራዘመ። ቀጥሎም ተራዘመ። በሰኔ 2013 ለፓርላማና ለክልል ድምፅ ስንሰጥ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋም የከተማ ምክር ቤታቸውን ሲመርጡ፣ የቀበሌ ምርጫ አብሮ አልነበረም። በ2005 የወተት ጥርሱን ይነቅል የነበረ ልጅ ዛሬ ለመራጭነት ደርሷል።

ይሄ ሰበብ ግን ለዜጋ ይሆን ይሆናል እንጂ ለፓርቲ አይሆንም። ፓርቲ መሥርታችሁ፣ ማኅተም አስቀርጻችሁ፣ «ምርጫ ቦርዱ ቀን ይቁረጥና እንነሳለን» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዋናው ቁጣዬ ለእናንተ ነው። ቀን ሲቆረጥማ ጊዜው አልቋል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባለው ይሄ ነው።

ከየት አውቀህ ትሉኛላችሁ። በ2000 ዓ.ም. እኔም ፓርቲ ውስጥ ነበርኩ። ስሙን ተዉት። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ የቅርንጫፍ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ኮሚቴ ስል አራት ሰው ማለቴ ነው። ጽሕፈት ቤታችን የአንዱ ጓዳችን ሻይ ቤት ነበር፣ ከጀርባ ባለው ክፍል፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን።

የቀበሌና የወረዳ ምርጫው ሚያዝያ 5 እና 12 ነበር። ከዚያ በፊት የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጓል። ለአንድ ቀበሌ! በአገር ደረጃ ሲደመር 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ነው። ገዢው ኢሕአዴግ ከ1997 ምርጫ ድንጋጤው በኋላ አባል ሲመለምል ነው የከረመው። በየመንደሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ። የመለመለበት መንገድ ሁሉ ንጹሕ ነበር አልልም። ወንበር ስንት እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር።

እኛስ? ሦስት ሳምንት ሲቀረን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ዕጩ መቁጠር ጀመርን። 11 ሰው አገኘን። ከ11ዱ አራቱ እኛው ነን። አንዱ ጅማ ከተዛወረ ዓመት አልፎታል፤ ስሙን ያስጻፈው አጎቱ ነው።

ያን ሰሞን የእድር ገንዘብ ያዥ የሆኑ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ዕጩ እንዲሆኑልን ለመለመን ነው። ቡና እያፈሉ ደረስኩ። «ስንት ሰው ነው የምትፈልጉት ልጄ?» አሉኝ። «ሦስት መቶ» አልኩ፣ አፍሬ። ተነስተው ከሳጥናቸው መዝገብ አወጡ። «የእኛ እድር 212 አባወራ አለው። ማን እንደታመመ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን ጣራ እንደሚያፈስ አውቃለሁ። አንተ ከነዚህ ስንቱን ታውቃለህ?»

ዝም አልኩ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ሰላም በላቸው» አሉና ስኒዬን ሞሉልኝ። ዕጩ አልሆኑልንም።

የእድሩ ጡሩንባ ነፊ እንኳ ከኛ ኮሚቴ የበለጠ ሰፈሩን ያውቃል። ጨለማ ውስጥ የትኛው አጥር ስር ቆሞ እንደሚነፋ፣ የትኛው በር ሳይንኳኳ እንደማይሰማ ያውቃል። በነገራችን ላይ እድሩን የፓርቲ መድረክ አድርጉት ማለቴ አይደለም። እሱን የሞከረ እድሩንም ፓርቲውንም ያፈርሳል። ሞት ሲመጣ የኢዜማም የብልፅግናም ሰው አንድ ድንኳን ስር ነው የሚቀመጠው፤ ተዉት፣ እንደሱ ይቆይ። የምለው ሌላ ነው። ሰውን በስሙ ማወቅ የቅስቀሳ መጀመሪያ ነው። እኛ የጀመርነው ከፖስተር ነበር።

የፖስተሩስ ነገር! ከዋናው ጽሕፈት ቤት በካርቶን የተላከልን በራሪ ወረቀት ስለ አንቀጽ 39፣ ማለትም ስለ መገንጠል መብት፣ እና ስለ ወደብ ነበር። ለቀበሌ ምርጫ! ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ከሌሊቱ 10 ሰዓት የምትሰለፍ ሴትዮ ስለ አሰብ ወረቀት ሰጠናት። ተቀበለችን፣ አመሰገነችን፤ ማታ እሳት አቀጣጥላበት ይሆናል። አልፈርድባትም።

ዛሬም ያው ነው። ሁላችሁም አራት ኪሎን ነው የምታዩት። ፕሮግራማችሁን ሳነብ የውጭ ፖሊሲ አለ፣ የምንዛሪ ተመን አለ፣ ዓባይ አለ። ወረዳ የሚለውን ቃል በጣቴ እየፈለግኩ ነው የማገኘው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ይህን አንቀጽ ይዞ የተሟገተ ፓርቲ ስንት ነው?

ወረዳ የምትፈልጉ ከሆነ የወረዳውን በጀት አንብቡ። ከክልሉ የሚመጣለት ድጎማ አብዛኛው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያው፣ ለግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ነው የሚሄደው። የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ክርክሩ ያለው እሷ ትንሿ ላይ ነው። የጤና ጣቢያው አጥር ይቅደም ወይስ የተበላሸው የውሃ ሞተር? ይህን የማያውቅ ዕጩ ሞንታርቦ አስጭኖ «አስፋልት እናነጥፋለን» ይላል። በምን ገንዘብ? ውሸት ነው፣ ሰውም ውሸት መሆኑን ያውቃል። ሞተሩ ከተበላሸ ስንት ወር እንደሆነው፣ መለዋወጫው የት እንደቆመ፣ ደብዳቤው የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ የሚናገር ዕጩ ግን ሞንታርቦም አያስፈልገው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጥሎ መውጣት።

በሰኔ 1984 የክልልና የወረዳ ምርጫ ኦነግ ዋዜማው ላይ ወጣ። በ2000 ተቃዋሚዎቹ ኅብረትና ኦፌዴን ምርጫው ጫፍ ላይ ሲደርስ ራሳቸውን አገለሉ። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች አቤቱታ ፈርመው ከምርጫው ቀሩ። በደል አልነበረም አልልም። ዕጩ ይታሰር ነበር፣ ይደበደብ ነበር፣ ምዝገባ ይከለከል ነበር። አይቻለሁ። መውጣትም መብት ነው።

ግን ማንን ጠይቃችሁ ነው የምትወጡት? የቀበሌ ዕጩ የፓርላማ ዕጩ አይደለም። መግለጫ ሰጥቶ አዲስ አበባ ወደ ቤቱ አይገባም። ቤቱ እዚያው ነው። ማዳበሪያ የሚወስደው ከዚያው ቀበሌ ነው። የመሬት ደብተሩ፣ የልጁ መታወቂያ፣ የሴፍቲኔት ስሙ፣ ሁሉም እዚያው ነው ያለው። «እኔ ተቃዋሚ ነኝ» ብሎ በጎረቤቱ ፊት ስሙን አስመዘገበ። ከዚያ እናንተ በጋዜጣዊ መግለጫ ወጣችሁ። እሱ ማክሰኞ ዕለት ምን ይዞ ቀበሌ ይሂድ? ይሄን ሰው ጠበቃ አቆማችሁለት? ደወላችሁለት? ስልኩንስ መዝግባችሁ ነበር? የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ በሩን ስታንኳኩ «የሉም በሉ» ቢላችሁ ፈሪ አትበሉት።

በ1997 ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን አሸንፎ ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ። የዚያን ውሳኔ ትክክልና ስሕተት ዛሬም እየተከራከርን ነው፣ አልገባበትም። ከተማዋ ግን እስከ 2000 ባልተመረጠ ባለአደራ አስተዳደር ነው የተዳደረችው። ለ137ቱ ሰዎች ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ድምፅ የሰጠው ነዋሪ ቤቱ ሲፈርስ የሚጮህለት ተመራጭ አልነበረውም።

ገዢው ፓርቲ ውስጥ ያላችሁም አትሳቁ። እናንተ ቅስቀሳ አታውቁም፤ ስብሰባ ነው የምታውቁት። የቀበሌውን አዳራሽ፣ የመንግሥትን መኪና፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይዞ መዞር ቅስቀሳ አይባልም። ሕጉም ከልክሎታል፤ የምርጫውን አዋጅ 1162ን አውጥታችሁ እዩት። ሰው ስብሰባ የሚመጣው ወዷችሁ ሳይሆን ስሙ እንዳይያዝበት መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚህ አገር ቀበሌ የሚባል ነገር የመጣው በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጠመንጃ ይዞ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ሆነ። አያቶቻችን «ከቀበሌ ነው» ሲባል ለምን ድምፃቸውን እንደሚቀንሱ ገብቷችኋል? በኋላ ሰውን በአምስት በአምስት የሚያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ፣ ያው ፍርሃት በደብተር። አሁንም በር ስታንኳኩ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጃችሁ ላይ ያለውን መዝገብ ነው።

የቀረነው እኛ ነን፣ ፓርቲ የሌለን። «አበል አለው?» ብለን ስብሰባ የምንጠይቅ። ቲሸርቱን ከሁሉም ተቀብለን ለማንም ያልሠራን። መታወቂያ ለማደስ ሦስት ቀን ስንመላለስ ከሰልፉ ላይ ቀበሌውን የምንሰድብ፣ ዕጩ ሁን ስንባል ግን «እኔ ፖለቲካ አልወድም» የምንል። ፖለቲካ ባትወድ እሺ። ቱቦው ፈንድቶ ደጃፍህ ላይ ሲፈስም ፖለቲካ ነው? የመምህሩ፣ የጡረተኛው፣ የነርሷ ወንበር ነበር ያ። እኛ ስንሸሸው ሥራ የፈታና አለቃ የሚፈራ ሰው ተቀመጠበት። ከዚያ «ምክር ቤቱ እጅ ከማውጣት በቀር ምን ይሠራል?» እንላለን።

የማወራው ከላይ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ያ የ11 ሰው ዝርዝር አሁንም ቤቴ አለ፣ ተጣጥፎ። ዛሬ ፓርቲ ውስጥ የለሁም፣ የመመለስ ሐሳብም የለኝም። ግን የእድሩ ገንዘብ ያዥ እናት ጥያቄ አልለቀቀኝም። ከሁለት ወር በፊት የምኖርበትን ቀጠና ቤት ለቤት ልወቅ ብዬ ተነሳሁ። ለምንም አይደለም፤ ስምና ሰላምታ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እወጣለሁ። አንዳንዱ መብራት ቆጣሪ አንባቢ መስዬው ቁጥር ይነግረኛል። አንድ ጡረተኛ የጀርባ መንገዱ ፍሳሽ ለምን እንደማይወርድ በጫማዬ ጭቃ ላይ በከዘራቸው ሥለው አስረዱኝ፤ ኢንጂነር ነበሩ፣ 14 ዓመት ጎረቤቴ ሆነው አላውቅም።

40 ቤት ደርሻለሁ። 41ኛው ቤት ውሻ አለ። ልጃቸው ቅዳሜ አስረዋለሁ ብሎኛል።