እርማት፦ የኮሶቮ ሰርቦች በሰሜን ብቻ አይደሉም

ወገኖች፣ አልባኒያውያን ስለሚበዙባት ስለ ኮሶቮ ሲወራ «ሰርቦቹ ያሉት ከኢባር ወንዝ በስተሰሜን ብቻ ነው» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ እየመጣ ነው። በቅንነት የተባለ ይመስለኛል፤ ዜናው ሁሉ ኢባር ለሁለት ስለሚከፍላት የሰሜን ከተማ ስለ ሚትሮቪጻ ነውና። ግን ትክክል አይደለም።

ሰርቦች ይበዙባቸዋል ተብለው የሚቆጠሩት ማዘጋጃ ቤቶች 10 ናቸው። ሰሜን ያሉት 4ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት 6 ከወንዙ በስተደቡብ ናቸው። ለምሳሌ ራኒሉግን እንይ። በምሥራቅ ኮሶቮ የምትገኝ ትንሽ የገጠር ማዘጋጃ ቤት ናት። ኮሶቮ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሰርቢያ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት መልእክተኛ ማርቲ አህቲሳሪ ባቀረቡት ዕቅድ መሠረት ከካሜኒጻ ተከፍላ ተቋቋመች።

ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ከነጭራሹ ያስረሳል። በኖቬምበር 2022 የ4ቱ የሰሜን ማዘጋጃ ቤቶች ከንቲባዎች ሥራ ለቀቁ። ይህን ይዞ «ሰርቦች በሙሉ ከአስተዳደሩ ወጡ» ማለት ልክ አይደለም። የደቡቦቹ ማዘጋጃ ቤቶች ሥራቸውን ቀጥለው ነበር።

ማጣራት የፈለገ ካርታ ይክፈት። መጀመሪያ ኢባርን ያግኝ፣ ከዚያ ራኒሉግን ለማግኘት ከጂላን ከተማ ወደ ምሥራቅ ይይ። የ2008ቱ የማዘጋጃ ቤቶች ወሰን ሕግም በራኒሉግ ሥር ያሉትን መንደሮች በስም ይዘረዝራል።