ፌስ የሸተተችው ጎብኚ

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ፕሮግራም አቅራቢ ከሞሮኮ መልስ የተናገረውን መቼም ሰምታችኋል። በፌስ ግንብ ውስጥ ያለችውን አሮጌ ከተማ ግማሽ ቀን ዞረና ፍርዱን ሰጠ። ቆዳ ማልፊያው ስለሚሸት ከከተማው ይውጣ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ይስፋ። በበቅሎ ፋንታ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ይግቡ። ያኔ ቱሪስት ይጎርፋል ባይ ነው። የኮሪደር ልማት ይድረስላት ማለቱ ነው በአጭሩ።

በከተማዋ የወደደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባብ ቡጅሉድ፣ ያ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳበት ሰማያዊ በር። የሺህ ዓመት ጥበብ ነው ብሎ አደነቀው። እንግዲህ ከተማዋ የተቆረቆረችው በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በሩ ግን የተሠራው በፈረንሳዮች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ከዚያ ሁሉ ታሪክ መሃል መርጦ ያደነቀው የትናንቱን! ምን ይነሳ፣ ምን ይቆይ የሚለን እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ወደ ሽታው ልምጣ። ሹዋራ የሚባለው ቆዳ ማልፊያ ወንዝ ዳር የተቀመጠው ዝም ብሎ አይደለም። ቆዳ ውሃ ይፈልጋል። ከሰገነት ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ ነጫጮቹ ገንዳዎች ኖራና የእርግብ ኩስ የተበጠበጠባቸው ናቸው። ኖራው ፀጉሩን ያላቅቃል፣ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል። ከነሱ ወዲያ ያሉት ማቅለሚያዎቹ ናቸው። ሠራተኞቹ እስከ ጭናቸው ገብተው በእግራቸው ይረግጡታል። ከባድ ሥራ ነው። ሽታውም የሚመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ሽታው ይውጣ ካልክ ሥራው ይውጣ ብለሃል። ሥራው ከወጣ ባለሙያው ይከተላል፣ ከዚያ ቤተሰቡ። ቤቶቹ የእንግዳ ማረፊያ ይሆናሉ፣ ቦርሳው ከፋብሪካ ይመጣል፣ ገንዳው ደርቆ ትኬት ይቆረጥበታል። ያኔ ይኸው ሰው ተመልሶ ሄዶ «ፌስ ነፍሷን አጣች» የሚል ሌላ ፕሮግራም ይሠራል። አትጠራጠሩ። ደግሞ ለአፍንጫው ሰዎቹ መላ አበጅተውለታል፤ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ ናና ይሰጡታል። ናናውን እያሸተተ ነው የሚያማርረው!

የወንዙ ብክለት እውነተኛ ችግር ነው፣ አልክድም። እሱ ያነሳው ግን ወንዙን አይደለም፣ አፍንጫውን ነው።

ደግሞ እኛን ብሎ መካሪ። ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ለዘመናት ስንንቅና ስናገል ኖረናል። አሁን ሰው አገር ሄደን ባለሙያውን ከከተማ አስወጡት እንበል? ትንሽ ይሉኝታ ምን ነበረበት?

መንገዱም ጠፍቶት ነበር አሉ። ከባብ ቡጅሉድ ገብቶ ታላ ከቢራ የሚባለውን መንገድ ይዞ ቁልቁል የወረደ ሰው ቀራዊዪን መስጊድ አካባቢ ይደርሳል። ሲመለስ ሽቅብ መያዝ ነው። መንገዶቹ የጠበቡት ፀሐይ በሚያነድባት ከተማ ግድግዳ ለግድግዳ ጥላ እንዲሰጡ ነው። የጋዝ ሲሊንደሩም ቆሻሻውም በበቅሎና በአህያ ይጓጓዛል። ነጂው «ባላክ!» ሲል ግድግዳ መጠጋት ነው፣ ሌላ ሳይንስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1912 ሞሮኮን የያዙት ፈረንሳዮች እንኳ አዲሱን ከተማቸውን የሠሩት ከግንቡ ውጪ ነው። በፍቅር አይደለም፣ ከአገሬው ተለይተው ለመኖር ፈልገው ነው። ቢሆንም አሮጌዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው አውራ ጎዳና አላወጡባትም። ቅኝ ገዢ ያልደፈረውን የኛ ሰው በግማሽ ቀን ጉብኝት ደፈረው።

ቀራዊዪን አላስገቡኝም ብሎ መከፋቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከጥቂቶች በስተቀር የሞሮኮ መስጊዶች ሙስሊም ላልሆነ ሰው ዝግ ናቸው። ይህን ሳያነብ ነው የሄደው። ከመስጊዱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1325 የተጠናቀቀው የአል አታሪን መድረሳ፣ የድሮ የእስልምና ትምህርት ቤት፣ አለ። እንጨቱም ጂፕሱም ሸክላውም በእጅ የተቀረጸ ነው። ትኬት ቆርጦ ማንም ይገባል። ስለሱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።