ቢራቢሮ የምትኖረው አንድ ቀን ብቻ አይደለም
ወንድሜ፣ «የቢራቢሮ ዕድሜ አንድ ቀን ነው» ያልከው ነገር በብዙ ሰው አፍ ይዞራል፤ ግን ልክ አይደለም። አንድ ቀን በርረው በመሞት የሚታወቁት ሜይፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከዚያ በፊት ውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ።

በብሪታንያ ሣራማ ቦታዎች የምትኖረውን ስሞል ብሉን እንይ። ከአገሩ ቢራቢሮዎች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ክንፏ ተዘርግቶ 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስሟ «ሰማያዊ» ይበል እንጂ መልኳ ጥቁር ቡናማ ነው። ወንዱ ላይ ብቻ ጥቂት ሰማያዊ ብናኝ ጣል ጣል ብሎበታል።

እንቁላሏን ኪድኒ ቬች የሚባል ቢጫ አበባ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ አበባው ውስጥ ሰርስሮ ይገባና ገና ያልበሰለውን ዘር ይበላል። እዚያው ሌላ አባጨጓሬ ካገኘ እሱንም ይበላዋል፤ ቀልድ የለም! በሐምሌ ገደማ ጠግቦ ይወርድና መሬት ላይ ተደብቆ የአገሩን የብርድ ወራት ሙሉ ይተኛል። ብርዱ ሲያልፍ ቅርፊት ውስጥ ሆኖ ይለወጣል። በግንቦትና በሰኔ ክንፍ አውጥቶ ይበርራል።

እንግዲህ ቁጠረው፣ አንድ ዓመት ገደማ ነው። የመብረሪያ ጊዜዋ አጭር መሆኑ እውነት ነው፤ እሱም ቢሆን ግን በአንድ ቀን አያልቅም።