መልኩ ይቆየንና ብሎኑን ንገሩኝ

የለንደን ቀይ ባለፎቅ አውቶቡስ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መልኩ ነው። ፖስትካርድ ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ ቁልፍ መያዣ ላይ ሳይቀር አለ። እኔ ግን ያንን አሮጌ ሩትማስተር የምወደው በሌላ ነገር ነው። ሲነደፍ፣ ነገ ብሎኑን የሚፈታው የጋራዥ ሰው ታስቦበታል።

ነደፋው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። የለንደን ትራንስፖርት ሰዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሊፋክስ የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲገጣጥሙ ስለከረሙ አልሙኒየም እጃቸው ለምዶታል። ሥራውን የመሩት መሐንዲሱ ዱራንት ናቸው፤ መልኩን ያሳመረው ደግሞ ዳግላስ ስኮት። አውቶቡሱ ሻንሲ (ከሥር ሸክሙን የሚሸከም የብረት አጽም) የለውም። ሸክሙን የሚችለው ራሱ የአልሙኒየም ቦዲው ነው፤ ሞተሩ ከፊት በአንድ ፍሬም፣ የኋላ ጎማው በሌላ ፍሬም ከሥር ይታሰራል። ከሱ በፊት የነበረው አርቲ የተባለው አውቶቡስ 56 ወንበር ነበረው፣ ይሄ 64፤ ክብደቱ ግን አልጨመረም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። አልደንሃም የሚባል ግዙፍ የጥገና ጋራዥ ነበራቸው። አውቶቡሱ ተራው ደርሶ ሲገባ ቦዲው ከፍሬሞቹ ይነሳል፣ ሁሉም ለየብቻ ይታደሳል፣ ከዚያ ያለቀው ቦዲ ያለቀ ፍሬም ላይ ይቀመጣል። የራሱ ይሁን የሌላ ግድ የለም፣ ሁሉም ከሁሉም ይገጥማል። (እንግዲህ ሲወጣ «ያው አውቶቡስ ነው» የሚያሰኘው ምኑ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ፤ ታርጋው ነው እንዴ?) በ1956 ሥራ ጀመረ፣ እስከ 1968 ድረስ 2,876 ተመረተ። ለ17 ዓመት ታስቦ የተሠራ ነገር ከመደበኛ መስመር የወጣው በ2005 መጨረሻ ነው።

እንከን የለውም አልልም። በኋላው ክፍት በረንዳ ሰው እየሄደ ዘሎ ይወጣል፣ ዘሎ ይወርዳል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይገባበትም። ትኬት ቆራጩ ግን ደስ ይላል። የኛ ታክሲ ረዳት «ሳበው!» ብሎ ይጮሃል፤ የለንደኑ የደወሉን ገመድ ራሱ ሁለቴ ይስባል፣ ደወሉ ሹፌሩ ጋ ይጮሃል፣ አለቀ።

በ2012 ደግሞ አዲሱ ሩትማስተር መጣ። ሄዘርዊክ ስቱዲዮ ነደፈው፣ የሰሜን አየርላንዱ ራይትባስ 1,000 ሠራ። ሦስት በር፣ እንደ አሮጌው ከኋላ ክፍት በረንዳ፣ ሁለት ደረጃ፣ ጠመዝማዛ መስታወት፣ በቃ ዓይን ይይዛል። ግን መስኮቱ አይከፈትም ነበር! በጋ ሲመጣ ላይኛው ፎቅ የተቀመጠው ሰው ተቀቀለ። በ2016 ከኋላ የሚቆሙት ሠራተኞች ሲቀሩ ያ የተለፋበት ክፍት በረንዳም በሩ ተዘጋ። ከለንደን ውጪ የገዛው ከተማ የለም። መስኮቱም በስንት ጩኸት፣ በስንት ወጪ፣ የሚከፈት እየተደረገ ተቀየረ።

አሮጌው ላይ እኮ በእጅ በምትዞር ትንሽ መያዣ ነበር የሚወርደው።