መጀመሪያ የትኛው ይነበብ? የሕክምና ሥነ ምግባር ወይስ የፖለቲካ ፍልስፍና?

የንባብ ቡድናችን ለክረምቱ አንድ መጽሐፍ መምረጥ ነበረበት። እጩዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቢቻምፕና ቺልድረስ በ1979 ያወጡት የሕክምና ሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ ሌላው የፈላስፋው የጆን ሮልስ የፖለቲካ ፍልስፍና መጽሐፍ «የፍትሕ ቲዎሪ»፣ 1971። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ሁለቱም ወፍራም ናቸው፤ ለሁለቱም ጊዜ የለንም። አንዲት ነርስና አንድ መምህር ተሟገቱ።

ነርሷ፦ እኔ ከአልጋው አጠገብ እንጀምር ባይ ነኝ። የካንሰር ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? ታማሚው እንዳይመስላችሁ። ልጁ ኮሪደር ላይ ይጠብቀኛል። «ሲስተር፣ በናትሽ ለአባዬ እንዳትነግሪው» ይለኛል። ገብቼ ግሉኮስ ስቀይር አባትየው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። መጽሐፉ አራት መርሆች አሉት፦ የሰውን ውሳኔ ማክበር፣ አለመጉዳት፣ መጥቀም፣ ፍትሕ። እዚያች ክፍል ውስጥ ሦስቱ ሲጣሉ አያለሁ።

መምህሩ፦ አራተኛውን ምነው ዘለልሽው ሲስተር? በ1962 ሲያትል ውስጥ የኩላሊት እጥበት ማሽን ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ሆነ። ማን ይታጠብ፣ ማን ይቅር የሚል ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቀመጠ። የሰውየውን ገቢ፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ሳይቀር ያዩ ነበር። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ማሽን ስላነሰ ነው። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት መንግሥት ወጪውን እንዲሸፍን ሕግ አወጣ። ያኔ ነው ነገሩ የቀለለው። ይሄ የበጀት ጉዳይ ነው፤ በጀት ደግሞ ፖለቲካ ነው።

ነርሷ፦ በበጀቱ አልከራከርዎትም መምህር። ግን የእርስዎ ሮልስ ነገሩን ለማቅለል ሲል ሁሉም ሰው በአካልም በአእምሮም ደህና ነው ብሎ ይነሳል። እኔ ቀኑን ሙሉ የማያቸው ሰዎች እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሉም ማለት ነው! የሮልስን ሐሳብ ወደ ጤና ያመጣው ሌላ ፈላስፋ፣ ኖርማን ዳንኤልስ ነው፣ ያውም በ1985። ደግሞስ እጥበቱ በነጻ ቢሆንም «በቃኝ፣ ንቀሉልኝ» የሚሉ አባት ቢመጡ ሕጉ ምን ያደርግልኛል?

መምህሩ፦ እሱ ላይ ያዝሽኝ። ግን ሮልስ ሀብታም ትሁን ድሃ ሳታውቅ ሕግ አውጣ ይላል አይደል? ያንን ልጅ ኮሪደሩ ላይ አቁሚውና፣ «አልጋው ላይ የተኛኸው አንተ ብትሆንስ፣ እንዲነገርህ አትፈልግም?» በይው።

ነርሷ፦ ሮልስን ሳላነብ ጠይቄዋለሁ። «እኔማ እችለዋለሁ፤ አባዬ ነው የማይችለው» አለኝ።